የሐጂ ቡሽራ ጉማጅ ጣት

ስውሩንም ግልጡንም እኩል ለሚያየው ጌታ ምስጋና ይድረሰውና፣ ቆላና ደጋ ተገናኝተው በሚገበያዩባት አንዲት አሮጌ ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። የከተማይቱን ስም ብንጠራው ለነገራችን የሚጨምረው የለም። ሐጂ በጉልምስናቸው ግመል ይነግዱ ነበር። ዘመን ሲለወጥ እሳቸውም ግመሉን ትተው ከትልቁ መስጊድ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ዳር ሱቅ ከፈቱና ሞተር መሸጥ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ባለ ሁለት ጎማ፣ ኋላ ባለ ሦስት፣ በመጨረሻም ባለ አራት። ይህ ባለ አራት ጎማ የሚሉት እንደ በቅሎ ተፈናጥጠው የሚቀመጡበት፣ ዳገትና ድንጋይ የማይመልሰው፣ ከኋላው የጭነት ብረት ያለው ነው። ሸቀጡ ተለወጠ እንጂ ሰውየው አልተለወጡም። ዋጋ የሚቆርጡት እንደ ግመል ተራው ወግ በጋቢ ሥር ነበር።

ወጉ እንዲህ ነው። ሻጭና ገዢ ቀኝ እጃቸውን ያገናኙና በላዩ ጋቢ ይጣልበታል። ሻጩ የሚፈልገውን ያህል ጣት ይዘረጋል፣ ገዢው በዳሰሳ ይቆጥራል፤ የገዢው ተራ ሲደርስ ደግሞ እሱ ይዘረጋል። በሐጂ ሱቅ አንድ ጣት መቶ ሺህ ብር ነው፤ የእጅ አንጓን መታ ማድረግ ደግሞ ግማሹ። አፍ ዝም ስለሚል ዙሪያውን የቆመ ወሬኛ ማን ስንት እንደሰጠ አያውቅም። ያጣ ሰው ማጣቱ አይታይበትም፣ ያገኘም አይመቀኙትም። ሐጂ ወጉን የሚወዱት ለዚህ እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

ያልተናገሩት ሌላ ምክንያት ግን ነበራቸው። በወጣትነታቸው አንድ የደነበረ ግመል በእጃቸው የጠመጠሙትን ገመድ ሲመነጭቀው የቀኝ ሌባ ጣታቸውን ከሥሩ ወስዶታል። የቀረችው ጉማጅ ከመዳፉ እምብዛም አትወጣም። የከተማው ነጋዴና ደላላ ይህን ስለሚያውቅ ሐጂ መዳፋቸውን ሲዘረጉ ባዶዋን ቦታ እንደ ሙሉ ጣት ቆጥሮ አምስት ይላል። እሳቸውም ስለዚያች ጣት ማውራት አይወዱም። ሰው ፊት ሲሆኑ እጃቸውን ቶሎ ጋቢ ውስጥ መክተት ልማዳቸው ነበር።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ይማም ደርሶ የሚባል ጎልማሳ ከተራራው ወርዶ ወደዚህ ሱቅ መጣ። በወገቡ የታጠቀው ገንዘብ የእሱ አልነበረም። የቀዬው ሰው በሬውንም ማሩንም ሸጦ ያዋጣው አማና፣ የአደራ ገንዘብ ነው፤ አራት መቶ ሃያ ሺህ ብር። ሃያው ለነዳጅና ለመንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሳንቲም ከየትም አትመጣም። ሽማግሌዎቹ ሲሸኙት፣ ሳትከራከር እንዳትገዛ፣ ሞተር ሳትይዝም እንዳትመለስ ብለውታል። ሁለቱ እንዴት እንደሚስማሙ ግን የነገረው የለም። በጠዋት የገባባቸው ሱቆች የገጠር ሰው መሆኑን ከጫማው አይተው ስድስት መቶ ሺህ ጠርተውበት ስለነበር እዚህ ሲደርስ ተስፋው ሳስቶ ነበር።

ሐጂ ሞተሯን አሳዩት እንጂ አላሞገሷትም። ከግራ ጎማ ክዳኗ ሥር ያለውን ጭረት ጎንበስ ብለው በግራ እጃቸው ጠቆሙት። ብዙ ወራት ቆማ ስለከረመች ባትሪዋ ዓመት እንደማይሞላ፣ ዳገት ላይ ሁለት ሰው ከነጭነቱ ከተጫነባት እንደምትሞቅና ማሳረፍ እንደሚያስፈልግ ነገሩት። ይማም የራሱን ዕቃ የሚነቅፍ ነጋዴ አይቶ ስለማያውቅ መጀመሪያ ነገሩን ተጠራጠረው። ኋላ ግን ልቡ ተረጋጋና ዋጋ እንዲቆርጡ ጠየቀ። የሐጂ ልጅ ነስሩ ጋቢውን በእጆቻቸው ላይ ጣለው።

ሐጂ መዳፋቸውን ዘርግተው አንጓውን መታ አደረጉ። ይማም ዳሰሰ። ባዶዋ ቦታ የታጠፈ ጣት መሰለችውና አራት ጣት ከግማሽ አገኘ። ገንዘቡ አልደረሰበትም፣ ግን ሩቅም አልነበረም። ሦስት ዘርግቶ እሱም መታ አደረገ። ሐጂ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና እንደገና መዳፋቸውን ዘረጉ፤ አንጓውን አሁን አልነኩትም። ይማም አራቱን ጣቶች አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይነበብ ወደ ጣሪያው አየ። ለሽማግሌዎቹ ቃል ሲል አንዴ ደግሞ ሦስት ተኩል ሞከረ። የሐጂ እጅ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም።

“ወስጃለሁ” አለ ይማም።

“ሸጬልሃለሁ። አላህ በረካ ያድርግልህ” አሉ ሐጂ። ጋቢው ተነሣ፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር።

ይማም አራት እስር ብር ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ነስሩ ቆጠረና፣ አባቱ ከአምስት በታች እንደማይወርዱ ስለሚያውቅ አምስተኛውን ይጠብቅ ጀመር። አምስተኛው ሲዘገይበት በትሕትና ጠየቀ። ይማም ደነገጠ፤ ሐጂ በአራት እንደሸጡለት ተናገረ። ነስሩ ይህ ሊሆን እንደማይችል፣ ለአስመጪው የሚከፈለው ራሱ አራት መቶ ስድሳ ሺህ እንደሆነ ነገረው። ይማም ሌባ የተባለ መሰለውና ፊቱ ጠቆረ። ሐጂ ሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከገንዘቡ አጠገብ አኖሩት።

ይማም የሐጂን እጅ በዓይኑ ሲያይ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ምንም ማስረዳት አላስፈለገውም። የቀዬው አማና በስህተት ሊበላ ነበር ብሎ ሳይሆን፣ እሱ በስህተት የሰው ሐቅ ሊበላ ነበር ብሎ ደነገጠ። ስህተቱ የእሱ መሆኑን ተናግሮ፣ ሽያጩ ይፍረስ ብሎ እስሮቹን መሰብሰብ ጀመረ። ነስሩም ደገፈው። ሻጭና ገዢ ከተገበያዩበት ቦታ ሳይለያዩ ማፍረስ እንደሚችሉ፣ ሪዷ፣ የሁለቱም ፈቃድ፣ የሌለበት ሽያጭም እንደማይጸና ተማርን አይደል ወይ አለ። ልክ ነበር፤ ዐሊም ቢጠየቅም ከዚህ የተለየ አይመልስም።

ሐጂ ግን ይማምን ጠየቁት። “ስትዳስስ ስንት ጣት አገኘህ?”

“አራት።”

“ታዲያ አንተ አልተሳሳትክም። የሞተሯን ዐይብ፣ ጉድለቷን፣ እስከ ጭረቷ ነገርኩህ፤ የእጄን ዐይብ ግን ሸሸግሁህ። አገሬው ስለሚያውቀው ሰው ሁሉ የሚያውቀው መሰለኝ።”

ሐጂ ሞተሯ ለምን እንደተፈለገች ጠየቁት። ቀዬአቸው ከጤና ጣቢያ የግማሽ ቀን መንገድ እንደሆነ፣ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ እንደሚያወርዱ ነገራቸው። ባለፈው ክረምት የወንድሙን ሚስት ይዘው ሲወርዱ ወንዝ ሞልቶ ጠበቃቸው። ከላይ በኩል ድልድይ አለ፤ ግን ዙሪያው ሩቅ ነው፣ ትከሻ አይደርስበትም። እዚያው ወንዙ ዳር እስትንፋሷ አለፈ። የእሱ ሴት ልጅም ዘንድሮ የመውለጃ ቀኗ ከክረምቱ ጋር ነው።

“ይህን መጀመሪያ ለምን አልነገርከኝም?”

“በሙት ስም ዋጋ ማስቀነስ ነውር ነው ብዬ ነው ሐጂ።”

ነስሩ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ሰውየው አሳዝኖታል። ነገር ግን ለአስመጪው የሚጎድለው ከየት እንደሚሞላ ያውቃል። ቤት ውስጥ ያለው ጥሪት አንድ ብቻ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ “አባባ፣ የእናቴ ሐጅስ?” አለ።

ይህ ነገር ሐጂን ወጋቸው። እሳቸው ሐጅ አድርገው ሐጂ ሲባሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሩቅያ ልጅ ታሳድግ ነበር። በሚቀጥለው አንቺ ብለዋት ብዙ የሚቀጥለው አልፏል። ዘንድሮ ገንዘቡ ሞልቶ ነበር። ሐጂ ጢማቸውን ያዝ አድርገው፣ “ልክ ብለሃል። ያ ገንዘብ የእኔ አይደለም፤ በሰው ገንዘብ ቸር መሆን አይቻልም። የገንዘቡን ባለቤት ልጠይቅ” ብለው ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ገቡ።

ይማም እጁን ከእስሮቹ ላይ ሳያነሳ ቆመ። ቢፈቀድ እንዴት ብሎ ይውሰድ? ባይፈቀድስ ምን ይዞ ዳገቱን ይውጣ? እሺታውንም እምቢታውንም እኩል ፈራው። ነስሩም ቀና ብሎ አላየውም። ከውስጥ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ሐጂ ሲመለሱ አንድ የታጠፈ የጥጥ ፍራሽ በትከሻቸው ተሸክመው ነበር። ወደ ሞተሯ ሄደው ከኋላው ብረት ላይ ዘረጉት። ጠፍር ከግድግዳው አውርደው ማሰር ጀመሩ፤ በአራት ጣት ቋጠሮው እንቢ ሲላቸው ነስሩ መጥቶ ያዘላቸው።

“ነፍሰ ጡር ባዶ ብረት ላይ አትጫንም ብላለች ሩቅያ” አሉ።

ይማም አለቀሰ። አዝመራ ሲገባ አምስተኛውን እስር ይዞ እንደሚመጣ በአላህ ስም ሊምል ሲል ሐጂ አስቆሙት። ዕዳ ይዞ ዳገት ይከብዳል፣ በተዘረጋልህ ዋጋ ገዝተሃል፣ ሐላልህ ነው አሉት። ከዚያም ጉማጇን ጣት በሌላው እጃቸው ነክተው፣ እስከ ዛሬ ከተማው ሁሉ የሚያነሣላቸውን አንድ ቃል ተናገሩ።

“የሸቀጥህን ዐይብ ከመናገርህ በፊት የራስህን ተናገር።”

ከዚያ ቀን በኋላ ሐጂ ቡሽራ ከማንም ጋር ዋጋ ሲቆርጡ፣ ጋቢው ከመጣሉ በፊት መዳፋቸውን በብርሃን ዘርግተው ያሳዩ ነበር ይባላል። ወይዘሮ ሩቅያ ሐጅ ሄዳ እንደሆነ ግን የነገሩን ሰዎች አያውቁም። ሄደች ብለን ነገሩን ማሳመር በቻልን ነበር፤ ስለ እውነተኛ ሰው እያወራን መዋሸት ግን አይገባም። አላህ ግን ኒያዋን፣ የልቧን ሐሳብ፣ ፍራሿንም ያውቃል።

እኛም ብንሆን እንዲህ ያለች ጉማጅ ጣት አናጣም። ቤተሰባችን የለመደልን ቁጣ፣ ጎረቤት የሚያውቅልን ቃል ማጠፍ፣ ሠራተኞቻችን በልባቸው እየሞሉ የሚቆጥሩልን ጉድለት አለ። ስለለመዱልን የዳንን ይመስለናል። አንድ ቀን ግን የማያውቀን ሰው አምኖን እጃችንን ይዳስሳል፤ ያገኘውንም ይቆጥራል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን አንተ ነህ በደንብ ያልቆጠርከው እንለዋለን። ሐጂ ቡሽራ ግን እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።