የቀዘቀዘው ካርድ

«አንድ ቪዲዮ አንሺ ነበረ» ብለው ጀመሩ መምህር ወልደ ሰንበት። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር አስካለ «አምስት ነርሶች እያሉኝ ለምን እኔ ብቻ እደክማለሁ? ዕረፍት ስጡኝ ልበል?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

ቪዲዮ አንሺው በመሬት የተጣሉ የሁለት ቤተሰቦችን እርቅ ቀርጿል። አስታራቂው ሽማግሌ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተራመዱ ድንበሩን ሲያሳዩ በምስሉ ላይ አሉ። ሽማግሌው ሞቱ። በዓመቱ ድንበሩ እንደገና አጣላ፤ ሁለቱም ወገኖች ምስሉን ለማየት በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰቡ።

የሰውየው ኮምፒውተር የሚሠራው ሊኑክስ በተባለው ስርዓተ ክወና ነው። ለዚህ ቀን ብሎ የምስል ሥራን የሚያግዝ ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ አስገብቶበታል። ምስሉ ግን ተንገዳገደ። ድምፁ ቀደመ፣ ምስሉ ቆመ፣ ከዚያም ዘለለ። አንዱ ድንጋይ ላይ የነበሩት ሽማግሌ ድንገት ሦስተኛው ላይ ታዩ።

«ቆርጦታል!» አለ አንዱ ከኋላ። «አንተ፣ ስንት አበሉህ?»

ዱላ የያዙት ተነሡ። ሰውየው ኮምፒውተሩ መጋሉን አይቶ ማራገቢያ አስጠጋለት፤ ምንም ለውጥ የለም። እውነቱ በእጁ እያለ ውሸታም ሆነ።

ከተሰብሳቢው መሃል አንዲት የኮምፒውተር ጠጋኝ መጥታ ሳጥኑን ከፈተች። እጇን የኮምፒውተሩ አንጎል ወደ ሆነው ፕሮሰሰር አስጠግታ ቶሎ መለሰች፤ ይፋጃል። ካርዱን ነካች፤ ቀዝቃዛ ነው።

«ጋሼ፣ ቪዲዮውን ፈትቶ ወደ ምስል የሚቀይረው የትኛው ነው?»

«ካርዱ ነዋ! ለምን አስገባሁት ታዲያ?»

«አስገቡት እንጂ ሥራውን አልሰጡትም።»

እውነቷን ነበር። ቦታ እንዳይፈጅ የታመቀውን ቪዲዮ ካርዱ እንዲፈታ የሚያስችለው ሶፍትዌር አልተጫነም፤ የቪዲዮ ማጫወቻው ፕሮግራምም ሥራውን ወደ ካርዱ እንዲልክ አልታዘዘም። ሸክሙን ሁሉ የተሸከመው ፕሮሰሰሩ ብቻውን ነው። ሴትየዋ በስልኳ ኢንተርኔት የጎደለውን ጫነች፤ በማጫወቻውም ላይ አንድ ምርጫ ቀየረች።

ምስሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ታየ። ሽማግሌው ሳይቋረጡ እስከ መጨረሻው ድንጋይ ተራመዱ። «ቆርጦታል» ያለው ሰው ዱላውን መሬት ላይ አኖረ።

መምህሩ ወደ ሲስተር አስካለ ዞሩ። «ልጄ፣ ነርሶቹን ቀጥረሻል፤ የመድኃኒት ክፍሉ ቁልፍ ግን አሁንም አንቺ ኪስ ውስጥ ነው። አንቺ ትግያለሽ፣ እነሱ ቀዝቅዘው ተቀምጠዋል፣ በር ላይ የቆመው በሽተኛም የከለከልሽው ይመስለዋል። ዕረፍት ስጡኝ ማለትሽ ማራገቢያ መጠየቅ ነው። ሂጂና ቁልፉን ስጪያቸው።»