የባዶው ክፍል መብራት

በጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍል አንድ ሰው ነበረ። ብርቅነሽ፣ ወንድ ልጅሽን ከቀበርሽ ወዲህ «ሐዘኔን ብተው ልጄን መክዳት አይሆንብኝም ወይ?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው ይህን የምነግርሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ኤሌክትሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሌላ ምሳሌ አላውቅም። እስክጨርስ ታገሺኝ።

መንኮራኩሯ ምድርን ትዞራለች። ፀሐይ ስታገኝ ክንፎቿ ብርሃኑን ተቀብለው ባትሪዋን ይሞላሉ፤ ምድር ስትጋርዳት ደግሞ ከዚያው ባትሪ እየበላች ጨለማውን ትሻገራለች። የሰውየው ሥራ ተራ ማውጣት ነበር። ባትሪው ሲደክም የማን ክፍል ቀድሞ ይጥፋ፣ የማንስ እስከ መጨረሻው ይቆይ? እሱ ይወስናል፣ መሣሪያው ሳያመነታ ይፈጽማል።

ከእሱ ጋር አንድ የልብ ወዳጁና አንዲት ሐኪም ነበሩ። ወዳጁ ታመመና ሞተ። ሬሳውን ገንዘው ወደ ጨለማው ሰደዱት። ሰውየው ግን የወዳጁን ክፍል ማጥፋት አልሆንለት አለ፤ መብራቱንም ማሞቂያውንም እንደበራ ተወው። ይባስ ብሎ የመጥፊያ ተራውን ከሁሉ መጨረሻ አደረገው፤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ እንኳ ያ ክፍል እንዳይጠፋ።

ከዚያ ወዲህ በመንኮራኩሯ ውስጥ ደስ የማይል ነገር ገባ። በተዘጋው በር ሥር ቀጭን ብርሃን ይታያል። ማራገቢያው እንደተኛ ሰው ይተነፍሳል። ሐኪሟ ማንም እንደሌለ እያወቀች፣ በዚያ ስታልፍ በሩን አንኳኩታ ማለፍ ጀመረች። ሰውየው ቆጣሪውን ቢያየው፣ ክፍሉ ወዳጁ በሕይወት ሳለ ይወስድ ከነበረው የበለጠ ይወስዳል። ይህ ሊያስፈራው ሲገባ ደስ አለው። «አለ ማለት ነው» አለ በልቡ።

አንድ ጊዜ ተወርዋሪ ድንጋይ አንዱን ክንፍ ሰበረው። መንኮራኩሯ ባትሪዋ ሳይሞላ ወደ ምድር ጥላ ገባች። መሣሪያውም በታዘዘው ተራ ማጥፋት ጀመረ፤ ማዕድ ቤቱን አጠፋ፣ መተላለፊያውን አጠፋ፣ ሐኪሟ የተኛችበትንም ክፍል አጠፋ።

ሰውየው በጨለማው እየዳሰሰ ሲመጣ የሚታየው የዚያ በር ብርሃን ብቻ ነው። ማንኳኳት ሰማ። «ወንድሜ!» ብሎ ጮኸና በሩን ከፈተው። ሙቀት ፊቱን መታው። የተነጠፈ አልጋ፣ የሚዞር ማራገቢያ፣ ሌላ ምንም የለም። ማንኳኳቱ ግን አልቆመም። የሚመጣው ከበስተኋላው፣ ከሐኪሟ ክፍል ነበር፤ እየደከመም ሄዷል። ያለ ኤሌክትሪክ በሯ አይከፈትም፤ አየሯም አይታደስም።

እጁን የወዳጁ ክፍል ማጥፊያ ላይ አኖረ። እጁ አልታዘዝ አለው። ማንኳኳቱ አንድ ጊዜ ተሰማና ጸጥ አለ። ያን ጊዜ አጠፋው።

የሟቹ ክፍል ጨለመ፣ የሐኪሟ በራ። ከንፈሯ ጠቁሮ ወጣች። «እሱን ስትጠራው ሰማሁህ» አለችው። «የማንኳኳው እኮ እኔ ነበርኩ።»

ቆጣሪው ለምን እንደጨመረ ልንገርሽ፣ ብርቅነሽ። ሰው ያለበትን ክፍል የነዋሪው ገላ ራሱ ያሞቀዋል፣ ማሞቂያውን ያግዘዋል። ባዶ ክፍል ግን ይቀበላል እንጂ አይመልስም። ያንቺም ቤት እንዲሁ ሆኗል። የሟቹን አልጋ በየጠዋቱ ታነጥፊያለሽ፣ ምሳውን ታቀርቢያለሽ። ሴት ልጅሽ ትናንት እኔ ዘንድ መጥታ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «በር አንኳኩቼ ‹እኔ ነኝ› ስል እማዬ አትከፍትልኝም፤ የወንድሜን ስም ስናገር ግን ሮጣ ትከፍታለች» አለችኝ።

ልጅሽን እርሺው አላልኩሽም። ሰውየውም የወዳጁን ስም ከበሩ ላይ አልፋቀም፤ ተራውን ነው የለወጠው። አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ፤ ዛሬ ሴት ልጅሽ ስታንኳኳ በገዛ ስሟ ጠርተሽ ክፈቺላት።