የመርከበኛው ጫማ

ሸክ፣ ሸክ፣ ሸክ።

ወገኖቼ፣ ከግድግዳው ወዲያ መጀመሪያ የሰማሁት ይህን ነው። ሰው አላየሁም። ቤቱን በተከራየሁ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። በሳምንቱም ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሸክ፣ ሸክ፣ ሸክ።

አንዲት ሴት ናት። ደጃፏ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የወንድ ጫማ ትቦርሻለች። ጥቁር ነው፣ ባለ ማሰሪያ። ሶሉ ንጹሕ፤ መሬት ከነካ ቆይቷል። ባሏ መርከበኛ ነው። ከጅቡቲ በውጭ አገር መርከብ ተሳፍሮ ከሄደ ስድስት ዓመቱ፣ ድምፁ ከጠፋ አራት።

አንድ ቀን በሬን አንኳኳች።

«አንተ ተማሪው፣ እንግሊዝኛ ትጽፋለህ አሉ።»

«አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፣ እትዬ። እሞክራለሁ።»

«ሙከራማ እኔስ መች አነሰኝ! ለመርከቡ ቢሮ ነው። የት እንዳለ እንዲነግሩኝ፣ አሳምረህ ጻፍልኝ።»

ጻፍኩላት። ስጨርስ በአማርኛ አነበብኩላት። «ባሌ ቢመለስልኝ እመኛለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

«ቆይ። እመኛለሁ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ ‹ዊሽ› ይሉታል። ይሁንም አይሁንም፣ ሰው ምነው በሆነልኝ የሚለው ነገር።»

«ሌላ ቃል የላቸውም እንግሊዞቹ?»

«አላቸው። ‹ሆፕ›። ይሆናል ብሎ መጠበቅ። ግን እትዬ...»

«ግን ምን?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ‹ሆፕ›ን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። አራት ዓመት ለጠፋ ሰው በዛ ብዬ፣ አዝኜላት ነው የተውኩት።

«አራት ዓመት እኮ ነው» አልኳት ቀስ ብዬ።

አልተቆጣችም። ቤቷ ገብታ ጫማዎቹን አመጣችና ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

«መመኘትማ ተጋድሞም ይሆናል። ይሄን የሚያስቦርሸኝ የትኛው ነው? እሱን ጻፍ።»

ጻፍኩ።

ወገኖቼ፣ ሁለቱን ቃላት በፈተና ለይቼ ማርክ አግኝቼባቸዋለሁ። የገቡኝ ግን ያን ቀን ነው።

እናንተስ? «ጌታ ይመጣል» ትላላችሁ። እኔም እላለሁ። ትመኛላችሁ ወይስ ትጠብቃላችሁ? «የተጣላሁት ወንድሜ አንድ ቀን ይመለሳል» ትላላችሁ፤ እሱ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ግን ልብስ ከምራችኋል። ከቤት ለወጣው ልጃችሁ ትጸልያላችሁ፤ ልጁ ዛሬ በሩን ቢያንኳኳ ምን ብላችሁ እንደምትቀበሉት አስባችሁ ታውቃላችሁ? የምትቦርሹት ጫማ የታለ?

ይህን ስል እጄ ባዶ ነው። ከግድግዳው ወዲህ ብቻዬን ተጋድሜ፣ ስንቱን ተመኘሁ! ለአንዱም ደጄን አልጠረግኩም።

«መልስ መጣላት ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አላውቅም። ደብዳቤው በሄደ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ የብሩሹ ድምፅ ጠፋብኝ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ምንም። ደንግጬ ወጣሁ።

የክት ቀሚሷን ለብሳ በሯን እየቆለፈች ነው። ጫማዎቹን በጋዜጣ ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች።

«እትዬ፣ በደኅና? ወዴት ነው?»

ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጣቶቼን በላዩ አጠፈቻቸው። ከዚያ «እስክንመለስ ደጃፋችንን ጥረግ» ብላኝ በግቢው በር ወጣች።