የሶስናና የሲራክ ልደት፣ ጳጉሜ አምስት

ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ትዕግሥት ያለው ይቁጠር። አንዲት ትንሽ ልጅ አንዲት ትንሽ ነገር ፈልጋ ስንቱን ሰው እንዳንከራተተች ልነግራችሁ ነው።

ልጅቷ ሶስና ትባላለች፣ መንታ ወንድሟ ደግሞ ሲራክ። ሁለቱም ጳጉሜ አምስት ቀን ተወለዱ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቀለሉ፣ እስከ ዛሬም የሚተኙት በአንድ ትራስ ነው። ትምህርት ሲከፈት ሲራክ አንደኛ ክፍል ገባ፣ ሶስና በር ላይ ቀረች። የፈለገችው ከወንድሟ አጠገብ መቀመጥ ብቻ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አቶ ይርዳው» አሉ መምህርት የሺመቤት ለአባቷ። «በልደት ካርዱ ላይ ሲራክ የተወለደው ነሐሴ ሠላሳ ነው፣ ሶስና ግን መስከረም አንድ። ከዘመን መለወጫ ወዲህ የተወለደ የሚገባው ለከርሞ ነው። ካርዱ ካልታረመ አላስቀምጣትም።»

መንታ ሆነው አንደኛዋ ለከርሞ! አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው መዝገብ ቤት ሄዱ።

«መዝገቡ ሳይታረም ካርድ አላትምም» አለች መክሊት፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ፎርሙን እየከፈተች። ፎርሙ ያምራል፤ ሁሉም በሳጥን በሳጥን ነው፣ ጠቅ ማድረግ ብቻ። የወሩን ዝርዝር ብትከፍተው ከመስከረም እስከ ነሐሴ አለ፣ ጳጉሜ የለችም። የሠራው ሰው ዓመቱ በአሥራ ሁለት ወር ያለቀ መስሎታል። ያኔ መንታዎቹን የመዘገቡት ሁለት ሠራተኞች ነበሩ፤ አንዱ ሲራክን ወደ ኋላ ገፋው፣ አንዷ ሶስናን ወደ ፊት።

እንግዲህ ፎርሙ ጳጉሜን አልቀበልም አለ፤ መክሊት ካርድ አላትምም አለች፤ መምህርቷ አላስቀምጥም አሉ፤ ሶስናም በር ላይ ቀረች።

«ፎርሙ እንጂ መዝገቡ ሁሉ የተከማቸበት ዳታቤዝስ ጳጉሜን ያውቃል» አለች መክሊት። «የኮምፒውተር ባለሙያችን ደጀኔ በእጁ ትእዛዝ ከጻፈለት ይቀበላል።»

ደጀኔ ግን ትእዛዝ ሲባል ላብ ላብ አለው። «ፎርም አንድ መዝገብ ከፍቶ ያንኑ ብቻ ያርማል። በእጅ የተጻፈ ትእዛዝ ያሉትን ነው የሚሰማው። አንድ ጊዜ ‹የማን› የሚለውን ሳልጽፍ ቀርቼ የቀበሌውን ሰው ሁሉ በአንድ ቀን አስወልጄዋለሁ! የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሳይቀር ጨቅላ ሆነ። ቢበላሽ መመለሻ እንዲሆነኝ ዳታቤዙን ዲስክ ላይ ሳልገለብጥ አንድ ፊደል አልጽፍም።»

ዲስኩ ያለው ዕቃ ቤት ነው፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው እትዬ ዘርፌ ዘንድ።

«ዲስኩ ካርቶን ውስጥ ነው» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ካርቶኑ ላይ ደግሞ ድመቷ ወልዳለች። እኔ አራስ አላስነሳም!»

ደጀኔ ለምኖ ለምኖ አስከፈታቸው። አንዱን ግልገል አንስቶ ጥግ አስቀመጠ፤ ድመቷ አንገቱን ነክሳ መለሰችው። ደግሞ አነሳ፤ ደግሞ መለሰች። በሦስተኛው እጁን ቧጨረችው።

እንግዲህ ድመቷ ከካርቶኑ አልነሳም አለች፤ እትዬ ዘርፌ አራስ አላስነሳም አሉ፤ ደጀኔ ያለ ዲስክ አልጽፍም አለ፤ ፎርሙ ጳጉሜን አልቀበልም አለ፤ መክሊት ካርድ አላትምም አለች፤ መምህርቷ አላስቀምጥም አሉ፤ ሶስናም በር ላይ ቀረች።

ሶስና ግን በዕቃ ቤቱ በር ላይ አልቀረችም። ገብታ ተንበረከከች።

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት» አሉ እትዬ ዘርፌ።

«አንዱን ብቻ ስለወሰዳችሁባት ነዋ» አለች ሶስና። «አንዱ ሲቀር እያየች እንዴት ትሂድ?»

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሶስና የደንብ ልብስ ሹራቧን አወለቀች፤ እገባለሁ ብላ ለብሳው የመጣችው ነው። ሁለቱንም ግልገሎች አንድ ላይ ጠቅልላ ጥግ ወሰደቻቸው። ድመቷ ሹራቡን እያሸተተች ተከተለቻት፣ እዚያው ላይ ጥቅልል ብላ ተኛች።

ከዚያማ ድመቷ ካርቶኑን ለቀቀች፤ እትዬ ዘርፌ ዲስኩን አወጡ፤ ደጀኔ ዳታቤዙን ገለበጠ፤ ትእዛዙን ጻፈ፤ ‹የማን› የሚለው ጋ ሲደርስ የሁለቱን መዝገብ ቁጥር አስገባና ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ላከው። «ሁለት መዝገብ ታረመ» አለ ኮምፒውተሩ። ሁለት ብቻ። ፎርሙ ዝም አለ፤ መክሊት ሁለት ካርድ አተመች፤ ሁለቱም ላይ ጳጉሜ አምስት ይላል፤ መምህርቷም በሩን ከፈቱ።

ሶስና ሹራቧን ለአራሷ ትታ፣ ብርድ እየበላት ገባች። ሲራክ አየት አደረጋትና አጠገቡ የነበረውን ቦርሳውን ከአግዳሚው አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ቦታ ይዞላት ነበር።

የእኔ ሰንሰለት እዚህ ተፈታ። ድመቷ ግን ገና አራስ ናትና ስትወጡ ቀስ ብላችሁ።