ዳማ አልወጣም ያለችው ዳገት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ሴት፣ ስለ አንዲት መኪናና ስለ አንድ ድንጋይ ነው።

ሴትዮዋ ትርንጎ ትባላለች፤ መሪ ከጨበጠች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። መኪናዋ በቤንዚን የምትሠራ አነስተኛ የጭነት መኪና ናት፤ ቀለሟ እንደ ዳማ ፈረስ ስለሆነ ትርንጎ «ዳማ» ትላታለች። ድንጋዩ ደግሞ የወፍጮ ድንጋይ ነው፤ አሥር ጎልማሳ ተረባርቦ ነው የጫነው። የሚሄደው አፋፍ ላይ ወዳለው መንደር፣ ወደ ውሃ ወፍጮው ነው። የድሮው ድንጋይ ከተሰነጠቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የላዩም የታቹም ሰው የሚያስፈጨው እዚያው ስለሆነ እህሉ ሁሉ በየጆንያው ተቀምጧል። መንደር ያሉት አክስቷ ወይዘሮ ስንዱ በእጅ ሲፈጩ ሰንብተው መዳፋቸው ቆስሏል። ትርንጎ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳማ ያቺን ዳገት እንድትወጣላት።

ዳማ ግን ገና ከመጀመሪያው መታጠፊያ «ቃ! ቃ! ቃ!» አለች። ሞተሯ ውስጥ ሰው ገብቶ በመዶሻ የሚደበድብ ይመስል ነበር። ትርንጎ ማርሽ ቀየረች፤ «ቃ! ቃ!» ነዳጅ ስትሰጣት ጭራሽ ባሰባት። ትርንጎ አልተቆጣችም። «አንቺ እንኳ ያለ ምክንያት አትጮሂም» አለቻትና ቀስ ብላ ቁልቁል መለሰቻት፤ ወደ ከተማዋ ጋራዥ።

መካኒኩ ጋሽ መንበሩ ሞተሩን አስነስተው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

«መጨረሻ የቀዳሽው ቤንዚን ምንድን ነው?»

«ዘጠና አንድ ነው ጋሼ። መንገድ ላይ ሌላ አጣሁ።»

«አላልኩም! የዳማ ሞተር አጥብቆ የሚጨምቅ ሞተር ነው። ኦክቴኑ፣ ያ ቁጥሩ፣ ዝቅ ያለ ቤንዚን ጭመቁን አይችለውም፤ ተራውን ሳይጠብቅ ይፈነዳል። ሜዳ ላይ ባዶዋን ብትነጂያት ትችለው ይሆናል። በዚህ ሙቀት፣ ይህን ቋጥኝ አዝላ፣ ዳገት ላይ ግን ፒስተኗን ይበላዋል።»

«የካንዴላውን እሳት ትንሽ ቢያዘገዩልኝስ?»

«ማንኳኳቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቷም አብሮ ይቀንሳል። መጽሐፏ ዘጠና አምስት ይላል፤ ዘጠና አምስት አምጪ። ያለዚያ አልነካትም።»

ጋሽ መንበሩ አልነካም አሉ፤ ዳማ አልወጣም አለች፤ ድንጋዩም እንደተጫነ ቀረ።

ትርንጎ ወደ ማደያው ሄደች። ቀጂው ቢተው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ባዶውን መንገድ ያያል።

«ቢተው፣ ዘጠና አምስት ቅዳልኝ።»

«እህት ዓለም፣ ዘጠና አምስት የሚባለው ካለቀ አራት ቀኑ። ዘጠና አንድ ከፈለግሽ እስክትጠግቢ።»

«እሱንማ ዳማ ተፋችው።»

«እንግዲያው ቦቴው ይምጣ። ቦቴው ካልመጣ ከምኑ ልቅዳልሽ?»

ቢተው አልቀዳም አለ፤ ጋሽ መንበሩ አልነካም አሉ፤ ዳማ አልወጣም አለች፤ ድንጋዩም እንደተጫነ ቀረ።

ትርንጎ ነጠላዋን አገልድማ በእግሯ ወደ ወንዙ ወረደች። ቦቴው ከወንዙ ማዶ ቆሟል። ሹፌሩ አወል ጎማው ጥላ ሥር አረፍ ብሏል።

«አወል! አገር ነዳጅ አጥቶ አንተ ትተኛለህ?»

«ተኝቼ ነው? ድልድዩን አይተሽዋል? ሁለት ግንድ ወድቋል። አንቺ በእግርሽ ታልፊያለሽ፤ እኔ ይህን ሁሉ ቤንዚን ይዤ ወንዝ ልግባ? ድልድዩ ካልተጠገነ አልሻገርም።»

ሹፌር ነችና እውነቱን መሆኑን አወቀች። አልተከራከረችውም።

አወል አልሻገርም አለ፤ ቢተው አልቀዳም አለ፤ ጋሽ መንበሩ አልነካም አሉ፤ ዳማ አልወጣም አለች፤ ድንጋዩም እንደተጫነ ቀረ።

የድልድዩ አናጢ አለቃ ዘውገ ከስድስት ሠራተኞቻቸው ጋር ዋርካ ሥር ነበሩ። አዲሶቹ ግንዶች ተጠርበው አጠገባቸው ተጋድመዋል።

«አለቃ፣ ግንዱ ተጠርቦ የለም እንዴ! ምን ያስቀምጣችኋል?»

«ግንዱ ተጠርቧል፤ ሆዳችንም ተጠርቧል» አሉ አለቃ። «እነዚህ ሰዎች ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። በባዶ ሆዱ ግንድ ተሸክሞ አንዱ ወንዝ ቢገባብኝ ለእናቱ ምን እላለሁ? ሳይበሉ አላስነሳም።»

አለቃ ዘውገ አላስነሳም አሉ፤ አወል አልሻገርም አለ፤ ቢተው አልቀዳም አለ፤ ጋሽ መንበሩ አልነካም አሉ፤ ዳማ አልወጣም አለች፤ ድንጋዩም እንደተጫነ ቀረ።

ለሠራተኞቹ የሚጋግሩት እትዬ የሺመቤት ከቀዝቃዛ ምድጃቸው አጠገብ አገጫቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ለሰዎቹ አንድ ነገር ጋግሩላቸው እንጂ!»

«በምን ዱቄት ልጄ? የመጨረሻዋ ትናንት አለቀች። ዱቄት ካላመጣሽልኝ አልጋግርም።»

«ዱቄቱስ ምን ሆነ?»

«ወፍጮው ቆሞ! ድንጋይ ይመጣል አሉን፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም።»

ድንጋዩ የት እንዳለ ከትርንጎ በላይ የሚያውቅ የለማ!

ወፍጮው አልፈጭም አለ፤ እትዬ የሺመቤት አልጋግርም አሉ፤ አለቃ ዘውገ አላስነሳም አሉ፤ አወል አልሻገርም አለ፤ ቢተው አልቀዳም አለ፤ ጋሽ መንበሩ አልነካም አሉ፤ ዳማ አልወጣም አለች፤ ድንጋዩም እንደተጫነ ቀረ። ድንጋዩ ስለቀረም ወፍጮው አልፈጭም አለ!

ግድግዳው ሥር ባለ ጆንያ ላይ ዘፍ አለች። የአክስቷ መዳፍ ዓይኗ ላይ መጣባት። ለአፍታ፣ ዘጠና አንዱን ይዤ እንደ ምንም ልሞክራት ይሆን? ብላም አሰበች። ወዲያው ተወችው፤ ዳማ ግማሽ መንገድ ላይ ብትሰበር ድንጋዩን ማን ያወርደዋል? እንዲህ እያሰበች ጆንያውን ስትደገፈው ከእጇ ሥር ፍሬው ተንሸራተተ።

«እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ስንዴና ባቄላ ነዋ። ያልተፈጨ።»

ትርንጎ ብድግ አለች። «ንፍሮስ ወፍጮ ይፈልጋል?»

እትዬ የሺመቤት አማተቡ። «ለጤነኛ ሠራተኛ ንፍሮ? ንፍሮ እኮ የለቅሶ ነው!»

«የራበው ሰው የሰርግ ነው የለቅሶ ነው ብሎ አይጠይቅም፤ እትዬ። እርስዎ ውሃ ይጣዱ፤ እኔ እለቅማለሁ።»

እትዬ ሳቃቸው መጣና እሳቱን አቀጣጠሉ። ንፍሮው ተንተከተከ፤ በጨውና በሚጥሚጣ ቀረበ፤ ስድስቱ ሰዎች ድስቱን ጠርገው ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! ሰዎቹ በሉ፤ አለቃ ዘውገ ግንዱን አስነሡ፤ ድልድዩ ጸና፤ አወል ተሻገረ፤ ቢተው በማግስቱ ጠዋት ቱቦውን ይዞ ቆመ።

«ትርንጎ፣ ዘጠና ስምንትም መጥቷል! ከፍ ያለውን ልቅዳልሽ?»

«የለም። ዳማ የምትፈልገው ዘጠና አምስት ነው። ከዚያ በላይ ብሰጣት ጉልበት አይጨምርላትም፤ ከዚያ በታች ብሰጣት ታንኳኳለች። ልኳን ቅዳልኝ።»

ቢተው በጀሪካን ቀዳ፤ ጋሽ መንበሩ አሮጌውን ቤንዚን አውጥተው አዲሱን ሞሉ፤ ዳማም ወደ ዳገቱ ዞረች። ትርንጎ በመጀመሪያው መታጠፊያ መስኮቱን ከፍታ አዳመጠች። ምንም የለም። ሁለተኛው ላይ ነዳጅ ጨመረችላት። ምንም! ከባዱ ሞተር አጉረመረመ እንጂ አላንኳኳም። አፋፉ ላይ ስትወጣ ከሳቋ ጋር እንባዋም መጣ፤ እንዲያም ሆኖ መሪውን አለቀቀችም።

የመንደሩ ሰው ድንጋዩን አወረደው፤ ባለወፍጮው አስገጠመው፤ ውሃው ተለቀቀ። ድንጋዩ መጀመሪያ ተንገጫገጨ፤ ከዚያ ዞረ። ወይዘሮ ስንዱ በጨርቅ የተጠቀለለ እጃቸውን ዘርግተው የመጀመሪያውን ትኩስ ዱቄት ተቀበሉ። ከዚያም በዱቄታሙ እጃቸው የትርንጎን ጉንጭ ይዘው፣ «በይ ግቢ፤ ዛሬ የምጋግርልሽ እኔ ነኝ» አሏት።

የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ የሰማ አይራብ፣ መንገደኛም ዳገቱ ይቅለለው።