የደብሩ ገደል ዓሣ

በአንድ ወቅት፣ ባሕር የሚባል ነገር በዓይኑ ያየ ሰው በሌለበት አገር፣ ገደል አፋፍ ላይ ያደጉ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ፤ ደርበው፣ አስናቁና ቢያድግልኝ።

ታላቁ ደርበው ድንጋይ ፈላጭ ነው። አባታቸው ሲሞት ለመቃብሩ የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ፍለጋ ወጣ። የራሱ ገደል ከታች ነው፤ ዛጎል የሞላበት፣ ሲመቱት የሚፈረፈር። ላይኛው የደብሩ ነው። ሙታን ከበላዩ ስላረፉ፣ መዶሻ ያሳረፈበት ከእድር ይሰረዛል፤ ለቤቱም ቀባሪ የለም። ደርበው አንድ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። ቢፈልጠው ከመሃሉ ዓሣ ወጣ፤ አጥንቱ፣ ቅርፊቱ፣ የተከፈተ አፉ ሳይቀር። «ከራሴ ገደል ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

እህታቸው አስናቁ የዚያን ቀን የደርበውን ልብስ አጠበች። ውሃው ቀላ። ቀይ አፈር ያለው ላይኛው ገደል ብቻ መሆኑን ታውቃለች፤ አፏን ግን ዘጋች። ጎረቤቱ «የሰይጣን ሥራ ነው፣ ሰባብሩት!» ሲል ድንጋዩን አልጋዋ ሥር ሸሸገችው። ባሏ «ወይ እኔ ወይ ዓሣው» ቢላት፣ «ዓሣው እንኳ አይለፈልፍም» አለችው። ሄደ፤ እንደ ሄደ ቀረ።

ትንሹ ቢያድግልኝ ከተማ ገብቶ የድንጋይን ነገር ተምሮ ነበር። ዓሣውን ወስዶ ቢያሳያቸው አስተማሪዎቹ፣ «መልኩ ከምናውቀው የባሕር ዓሣ አይለይም። ከባሕር ድንጋይ ከወጣ እሱው ነው፤ ከወንዝ ደለል ከወጣ ግን ገና ስም ያልወጣለት ነው። ከየት ተገኘ?» አሉት። ድንጋዩን በአጉሊ መነጽር መረመረ። የባሕር ምልክት የሆነው የዛጎል ፍርፋሪ የለበትም፤ መንጋጋው ውስጥ ወንዝ ያመጣው ቀይ ጭቃ ደርቋል። ገደሉን ወርዶ ወጥቶ ቢያስተያይ፣ የገጠመው ከዛጎሉ ንጣፍ በላይ፣ ከሙታኑ በታች፣ ከደብሩ ገደል ነው።

«ተው ቢያድጌ» አለች አስናቁ። «የባሕር ነው በላቸው። ዓሣው ይከስሃል?»

«ያልሆነውን ሆነ ልበል፣ እታለም?»

ተናገረ። የወንዝ ዓሣ ሆነ፣ አዲስ ሆነ፤ ደርበውም ከእድር ተሰረዘ።

በዓመቱ የደርበው ሚስት ሞተች። ደጃፉን የረገጠ ሰው የለም። ሦስቱ ተሸከሟት፤ ሴት ቃሬዛ አትይዝም ሲባል አስናቁ ያዘች። አራተኛው ጫፍ ግን ሰው ስላልነበረው መንገዱን ሙሉ ተንጋደደ።

ከመቃብር ሲመለሱ ቢያድግልኝ፣ «ዓሣው በአንድ ሰው ስም ይሰየም ተብሏል። በአንተ ይሁን፣ ጋሼ» አለ።

ደርበው ሳቀ፤ የሚያስጠላ ሳቅ። «ሌባውና የተሰረቀው በአንድ ስም ይጠሩ? በራስህ አድርገው። ያስለፈለፍከው አንተ ነህ።»

«በስሜ ብጠራው ሚስትህን ቀባሪ ያሳጣሁበት ስም ይሆናል። በእታለም ይሁን።»

«በእኔ?» አለች አስናቁ። «በእኔ ዝምታ ቢሆን ኖሮ የሌላ ዓሣ ስም ይዞ ይቀር ነበር።»

የስሙ ቦታ እስካሁን ባዶ ነው፤ የአባታቸውም መቃብር ድንጋይ አልለበሰም። አንዱ ገደሉን ባይደፍር ዓሣው አይወጣም፤ አንዷ ትዳሯን ባትሰጥ ተሰባብሮ ይቀር ነበር፤ አንዱ ባይናገር ማንነቱ አይታወቅም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፣ ዓሣው በማን ስም ይጠራ?