ዝቅ ተደረግሁ ያለው ፓድ

ተረት ልጀምር ነው፤ ማዛጋት ያማረው አሁኑኑ አዛግቶ ይጨርስ። ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ያኔም መብራት እየመጣ ይሄድ ነበር፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ትርንጎ የምትባል ሙዚቀኛ ነበረች። ትርንጎ በየሠርጉ እየዞረች የምትጫወትበት አንድ ጠፍጣፋ የሙዚቃ ሰሌዳ ነበራት። ሰሌዳው ላይ አራት በአራት የተደረደሩ ለስላሳ የጎማ ፓዶች አሉ። ጣቷን ስታሳርፍባቸው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ይሰጣሉ።

ከሁሉም የሚኮራው ከታች በግራ በኩል፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ፓድ ነበር። ለምን ይኮራል አትሉኝም? የዜማው መነሻ ድምፅ የእሱ ነዋ! ዘፈኑ ከእሱ ይነሳል፣ ዞሮ ዞሮ እሱው ላይ ያርፋል።

«መነሻም እኔ፣ መድረሻም እኔ» ይላል ጠዋት።

«መነሻም እኔ፣ መድረሻም እኔ» ይላል ከሰዓት።

«እሺ፣ ሰማንህ» ይላሉ ጎረቤቶቹ። ጆሯቸው ደንቁሯል።

አንድ ቀን እትዬ ዘርፌ የሚባሉ የሰፈር ሴት ትርንጎ ዘንድ መጡ። ነገ ልጃቸውን ደብሪቱን ሊድሩ ነው።

«ትርንጎዬ፣ ልጄ ስትወጣ እኔው ራሴ ላንጎራጉርላት ነው። አባቷ የለ፤ ያለኋት እኔ ነኝ። ግን ድምፄ ወፍራም ነው፣ ሽቅብ አይወጣልኝም።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው እትዬ? ዝቅ ላድርገዋ!» አለችና በሰሌዳው ጎን ያለችውን መቀየሪያ ቁልፍ ጫን አደረገቻት። ወዲያው ዜማው ዝቅ አለ፣ የፓዶቹም አደራደር ተለወጠ። መነሻው ድምፅ ወደ መሀል ሄደ፤ ለጥጉ ፓድ ከመነሻው በታች ያለ ወፍራም ድምፅ ደረሰው። እትዬ ዘርፌ ሞከሩት።

«እሰይ! ልኬ ይሄ ነው!» አሉና ደስ ብሏቸው ሄዱ። ትርንጎም ሰሌዳውን አጠፋችው። ሰሌዳው ጠፍቶ ሲበራ ደግሞ ወደ ድሮው አደራደር የሚመለስ ነው።

ጥጉ ፓድ ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ የሰማው አንዲት ቃል ብቻ ነው።

«ሰማችሁልኝ? ዝቅ ላድርገው አለች! እኔን! ምን አጠፋሁ?»

አኮረፈ። ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው ሽማግሌ ክራር ክሱን አቀረበ።

«አባባ ክራር፣ ዝቅ ተደረግሁ!»

ክራሩ ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ክሮቼን ሲያጠብቁና ሲያላሉ አይደል የኖርሁት? መጀመሪያ ዘፋኙ ይደመጣል፣ ከዚያ ይቃኛል። አለቀ።»

«እርስዎ ውርደቱን ለምደውት ነው!»

ቀጥሎ የሰሌዳውን የድምፅ ገመድ ጠየቀው። ገመዱ «እኔ ሥራዬ ማድረስ ነው፤ ምን እንዳደረስሁ አላውቅም» ብሎ ተጠቀለለና ተኛ።

በመጨረሻ ወደ መቀየሪያዋ ዞረ። «የኔ እመቤት» አላት። «የዚህ ቤት አለቃ አንቺ አይደለሽ? ነገ ሠርጉ ላይ ትርንጎ ስትጫንሽ እንዳልሰማሽ ሁኚ።»

መቀየሪያዋን የኔ እመቤት ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። ቀለጠች። «እሺ፣ ላንተ ስል» አለች።

በማግስቱ ሠርጉ ደመቀ፤ ተጨፈረ፣ ተበላ። አመሻሹ ላይ ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ሊወስዱ ተነሱ። እትዬ ዘርፌ የልጃቸውን እጅ ያዙ። ትርንጎ መቀየሪያዋን ተጫነቻት። ዝም። ደግማ ተጫነቻት። ዝም። አጥብቃ ተጫነቻት። ወይ ፍንክች!

«ግድ የለም፣ ጀምሪው» አሉ እትዬ ዘርፌ።

ጥጉ ፓድ ደረቱን ነፍቶ የድሮ ድምፁን ለቀቀው። እትዬ ዘርፌ ጀመሩ፤ ድምፃቸው ሽቅብ አልወጣ አለ። ሁለተኛ ጀመሩ፤ ተሰነጠቀ፣ ከኋላ አንዱ ባለጌ ሳቀ። በሦስተኛው አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«በቃ ትሂድ፤ ውሰዷት» አሉ።

«እማዬ፣ ሳታንጎራጉሪልኝ አልሄድም!» ብላ ደብሪቱ አለቀሰች።

ጥጉ ፓድ ይሄን ሁሉ አየ። መነሻ ነኝ ብሎ ተነሳ፣ የተከተለው ግን የለም። አፈረ፤ እውነቴን ነው፣ ሆዱ ባባ።

«እቴ መቀየሪያ! ልቀቂው!»

«ዝቅ ትላለህ እኮ፣ የኔ ጌታ።»

«ዝቅ ልበል! በሞቴ፣ አሁኑኑ ልቀቂው!»

ትርንጎ ተስፋ ሳትቆርጥ ስትጫናት መቀየሪያዋ ቀጭ አለች። መነሻው ወደ መሀል ሄደ። የትርንጎ ጣት ቀስ ብሎ ጥጉ ፓድ ላይ አረፈና እዚያው ቆየ። ያ ወፍራም ድምፅ ግቢውን ሞላው።

እትዬ ዘርፌ ጆሯቸውን ሰጡ። ነጠላቸውን ከፊታቸው አወረዱ። ከዚያ አንጎራጎሩ። ድምፃቸው ወደ ታች ሲወርድ ጥጉ ፓድ እዚያ ጠበቃቸውና ተደገፉበት። ደብሪቱ እናቷ ደረት ላይ ተለጥፋ እስኪበቃት ሰማች። ሚዜዎቹም የከፈቱትን የመኪና በር መልሰው ዘጉ።

ቤት ሲመለሱ ክራሩ ከግድግዳው ላይ ሆኖ ጠየቀው። «እህ፣ እንዴት ሆነ? ዝቅ ተደረግህ?»

«የለም አባባ» አለ ጥጉ ፓድ። «ከሥር ተደረግሁ።»

እናንተም ዝቅ በሉ ሲሏችሁ፣ ከማኩረፋችሁ በፊት ማን ሊዘፍን እንደሆነ ጠይቁ። እኔ የያዝሁትን ተናገርሁ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ውኃ የሚያቀብለኝ ደግ ሰው የለም?